ተቀበል፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቁስቋም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከንጋቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ብርዱ አይጣል ነው። ሻይ በዳቦ ቀማምሼ ወንበሬን ያዝኩ።

ለምን እንደምሄድ አስቀድሜ ልናገር። ሥራዬ ሬዲዮ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እንግዶች አስቀምጬ አከራክራለሁ። ዘንድሮ ደግሞ የማይከራከር የለም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ ሁሉም ቦታ ክርክር ነው። ይኼ በራሱ ደስ ይለኛል። አምና አፉን ይይዝ የነበረ ሰው ዘንድሮ ደፍሮ ይናገራል። ግን ባለፈው ወር አንድ የቀጥታ ስርጭት መርቼ ስወጣ ደነገጥኩ። ሁለት የተማሩ ሰዎች ለ40 ደቂቃ ተከራክረዋል። እኔ ግን በር ላይ ስደርስ አንደኛው ምን እንዳለ ማስታወስ አቃተኝ። አንዲት ነጥብ እንኳ። ለካ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ፣ የአድማጭ መልእክት ላይ፣ ቀጥዬ የምጠይቀው ጥያቄ ላይ ነበር። እነሱም ቢሆኑ አንዱ ሌላውን የሰማ አይመስለኝም። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል እንጂ አያዳምጥም ነበር።

ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ሰው ሰውን ሲያዳምጥ የማይበት ቦታ ልፈልግ ብዬ ተነሣሁ። ደብረ ማርቆስ አጎቴ አሉ። ባሕር ዳር የአዝማሪ ቤት አለ። ጎንደር ደግሞ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው።

ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ፍቼን አለፍን። የጤፉ ማሳ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ሆኗል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባውን መንገድ ሳልፍ ተሳለምኩ። ከጎሃ ጽዮን በኋላ ቁልቁለቱ ጀመረ። የዓባይ በረሃ። እንደወረድን ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችንን ገረፈን።

እዚህ ጋ የታወቀው የአውቶቡስ ጠብ ተነሣ። መሀል ላይ የተቀመጠ ወጣት መስኮት ከፈተ። ከኋላ አንዲት እናት «ዝጋው!» አሉ። «እየተቀቀልን እኮ ነው» አለ። «ምች ሊያስመታን ነው?» አሉ። ከዚያ አውቶቡሱ በሁለት ተከፈለ። የክፈቱ ወገንና የዝጉ ወገን። ረዳቱ ራሱ መጮህ ጀመረ።

ከፊቴ የተቀመጡ ሸበቶ ሰው ተነሡ። «በሕግ አምላክ!» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ያ ቃል አሁንም ኃይል አለው፤ ገርሞኛል። «አንተ ልጅ፣ ለምን ከፈትክ?» አሉት። አጠገቡ ያለችው እህቱ ሊያስመልሳት እንደሆነ ነገራቸው። «እርስዎስ እናቴ?» አሉ። ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። የታቀፉት ሕፃን ትናንት ከሆስፒታል የወጣ ነው። ሁለቱም ሲጮሁ የቆዩት ይኼንን አልነበረም። አንዱ ስለ ሙቀት፣ ሌላዋ ስለ ምች ነበር የሚጮሁት። ሴትዮዋ ንፋስ ወደማያገኛቸው የፊት ወንበር መጡ። መስኮቱ ተከፈተ። ነገሩ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ጃፓኖች የረዱበትን አዲሱን ድልድይ ስንሻገር ሁላችንም ወደ ወንዙ ዞርን። ደጀን ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ። መስኮቱን ወጣቱ ራሱ ዘጋው።

እሑድ፣ ኅዳር 2

አጎቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል፤ አንደበታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡና ተፈላ። የአውቶቡሱን ታሪክ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ሰውዬው የመንገድ ዳኛ ሆነዋላ!» አሉ።

ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ የሚያልፈውን ሰው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ተጠያቂው እንዳያመልጥ የሁለቱ የልብስ ጫፍ ይቋጠራል። ያ ቁራኛ ነው። «የቁም ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ተቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ሳስበው ይገርመኛል። ከምትከሰው ሰው ጋር በአንድ ነጠላ ታስሮ ግማሽ ቀን መሄድ!

ከዚያ ስለ በላ ልበልሃ ጠየቅኳቸው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። ችሎቱ ዛፍ ሥር ነው። ዳኛው ይቀመጣል፣ ባላጋራዎቹ ይቆማሉ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ይከባል። አጎቴ አገልግሉን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ተነሡ። ጋቢያቸውን ከብብታቸው ሥር አሳልፈው በግራ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ቀኝ እጃቸው ነጻ ወጣ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አንድ እግራቸውን ወደፊት አራመዱ። «በላ ልበልሃ!» አሉ። ድምፃቸው ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተጋጨ። ስንጥቅጥቅ ያለ የእግራቸው ተረከዝ፣ የከዘራው ጫፍ፣ የተዘረጋው እጅ። የአንድ ሙሉ ችሎት ሥርዓት በአንድ ሽማግሌ ላይ ቆሞ አየሁ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ግጥም ነው። ዳኛውን ያወድሳል፣ ምስሉን ይመስላል፣ ከዚያ ነገሩን ያወርደዋል። ያኛው እስኪጨርስ ዝም ነው። ካቋረጠ ነውር ነው። ሲጨርስ ያኛው ይቀበላል። የተባለውን አንድ በአንድ ያነሣል፤ ይኼን ብለሃል፣ ይኼን ብለሃል ይላል። አንዷን ከዘለላት ሕዝቡ ያጉረመርማል። ተጠየቅ ሲለው ልጠየቅ ይላል። ይወራረዳሉም። አንዱ በማር፣ አንዱ በፈረስ።»

የተባለውን ሳይዘል አንድ በአንድ ማንሣት። ይኼንን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ቡናውን የሚቀዱት ባለቤታቸው ግን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። ሁለተኛውን ስኒ ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ስትጽፍ ይኼንንም ጻፍ» አሉኝ። «እናቴ ባሏ ሲሞት መሬቷን የተነጠቀችው በዚህ ነው። ባላጋራዋ አፈ ጮሌ ነበር። እሷ ችሎት ቆማ መናገር አልለመደችም። ነገረ ፈጅ ለመያዝ ደግሞ ገንዘብ የላትም። እሱ ገጠመ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ መሬቱ ሄደ።»

አጎቴ መልስ አልሰጡም። ጋቢያቸውን አውርደው ተቀመጡ።

እኔም ስለ ድሮው ክርክር ስጽፍ እሳቸውን መርሳት የለብኝም። አፍ ያለው ብቻ የሚረታበት ሙግት፣ የቱንም ያህል ቢያምር ፍትሕ አይባልም። እናታቸው ያቺን ቀን ምን ሊሉ ፈልገው ነበር? የሰማ ሰው የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሄድኩ። ጎጇቸው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሁለት ሰው ከያዘ በኋላ ለሦስተኛው ቦታ የለውም። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው ነው የሚማሩት። ይኼንን ሁሉም ያውቃል። እኔ ላየው የመጣሁት ግን ቆጠራውን ነው።

ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል። ጋቢውን ፊቱ ድረስ ይሸፍናል። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። ቅኔውን በግእዝ፣ በጭንቅላቱ ይሠራል። ዜማው መመጠን አለበት፣ ቤቱ መምታት አለበት፣ ሰምና ወርቁ መግጠም አለበት። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ናት። የበሰለው መወድስ ድረስ ይሄዳል፤ ስምንት ቤት።

ከጋቢው ሥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። አልፎ አልፎ ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። አንድ ዝንብ እግሩ ላይ ብዙ ደቂቃ ተቀመጠ፤ አላባረረውም። እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስልኬን አራት ጊዜ ነክቻለሁ። ኔትወርክ እንኳ አልነበረም።

ሲጨርስ አናገርኩት። ዕድሜው ከ17 አይበልጥም። «ሐሳብህ አይበተንም?» አልኩት።

«ይበተናል እንጂ» አለኝ። «እኔ በግ ጠባቂ ነበርኩ። በግ ሲበተን ሁሉንም አታባርርም። መሪዋን ይዘህ ትመልሳለህ፤ ሌላው ይከተላል።»

«በቅኔውስ መሪዋ የትኛዋ ናት?»

«ቤቷ ናት። የመጨረሻዋን ፊደል ከያዝኩ ሌላው አይጠፋኝም።»

ከሰዓት በኋላ ነገራ ሆነ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ተማሪው ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። የኔታ አያቋርጡም። ሲጨርስ ራሱን ቅኔውን መልሰው ይሉታል፤ የተሰበረችው ቦታ ላይ ሲደርሱ ብቻ ቆም ይላሉ። ተማሪው ያኔ ስህተቱን ራሱ ይሰማዋል። አንዱ ልጅ ገና ሳይነገረው ግንባሩን መታ። ያ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። የኔታ «ተሳስተሃል» አላሉትም። የራሱን ቃል በእሳቸው አፍ ሰማው።

መጨረሻ ላይ የኔታ ዘረፉ። እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት የመጣ ቅኔ ነው። ተማሪዎቹ «ይበል! ይበል!» አሉ። እኔ ግእዜ ደካማ ስለሆነ ሰሙን ይዤ ወርቁ አመለጠኝ። ማታ ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ሁለት ተማሪዎች አገኘሁ። አንደኛው የየኔታን ቅኔ ሳያዛንፍ ለሌላው እያቀበለው ነበር። አንድ ጊዜ ነው የሰማው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ቀኑ በመንገድ አለቀ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር አንድ አዝማሪ ቤት ገባሁ።

ጠባብ ናት። ዱካዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ማንም ከማንም ጀርባ አይቀመጥም። መሀሉ ለአዝማሪው ነው። ወጣት ነው። ከኪሱ ቁራጭ ሙጫ አውጥቶ የደጋኑን ጭራ ቀስ አድርጎ አሸው። ሙጫው ከሌለ የፈረሱ ጭራ ይንሸራተታል፣ መሰንቆው ድምፅ አይሰጥም። ክሩ አንድ ብቻ ነው። በግራ ጣቶቹ ከጎን ይነካካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። በዚያች አንድ ክር ትዝታም ባቲም አንቺሆዬም ወጣ። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። ደጋኑ ሲመለስ ጭራው ቆዳው አጠገብ የሚያሰማትን ትንፋሽ የመሰለች ድምፅ ሰማሁ። በሬዲዮ ስንት ዓመት መሰንቆ አጫውቻለሁ። ያቺን ድምፅ ግን ሰምቻት አላውቅም።

ግራ በኩል ሸምገል ያሉ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ቀኝ በኩል ወጣቶች። ከመጀመሪያው ጀምሮ በዘመኑ ጉዳይ እየተነቋቆሩ ነበር። ጠጁ ሲበረታ ድምፁም በረታ። ፀብ ሊሆን ነው ብዬ ሰጋሁ። ያኔ ከግራ አንዱ «ተቀበል!» አለ። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» አለና ጆሮውን ሰጠ።

አፍማ ሞልቶ ተርፎ፣ ይሸጣል በቁና፤
ጆሮ ነው የጠፋው፣ ፈልጉ እንደገና።

አዝማሪው ተቀበለው። ቃል አልቀነሰም፣ ቃል አልጨመረም። ብቻ ሰውዬው ተንተባትቦ ያለውን እሱ በሚያምር ድምፅ አለው። ግራው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ወጣቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሣች። ሃያዎቹ ውስጥ ብትሆን ነው። «ተቀበል!»

ጆሮማ ነበረን፣ ስንሰማ ኖረናል፤
አፋችን ቢከፈት፣ ምን ይጎዳችኋል።

ይኼንንም ተቀበለው። በዚያው ዜማ፣ በዚያው ጉልበት። ለማን እንደሚያደላ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ የራሳቸውን ነቀፋ በሚያምር ድምፅ ሰሙት። የመጀመሪያውን የሰጡት ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተነሡና ብር አውጥተው የአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፉ። ለራሳቸው ግጥም አይደለም፤ ለልጅቷ ግጥም ነው።

እስከ ትናንት ድረስ ችግሩ አለማዳመጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ ግን ልክ ናት። ለረጅም ዘመን አድምጥ የተባለው አንድ ወገን ብቻ ነው። የአጎቴ ባለቤት እናትም ያዳምጡ ነበር። «እስቲ እንደማመጥ» የሚል ሰው መጀመሪያ ራሱ ዝም ማለት አለበት። እኔ በስቱዲዮ ማይክራፎኑን የያዝኩት ሰው ይኼ በቅድሚያ ይመለከተኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ እየታጨደ ነበር። ከሰዓት በፊት ደረስኩና ቀጥታ ወደ ፋሲል ግቢ ሄድኩ።

ጎብኚ ሁሉ የሚሰበሰበው የፋሲለደስ ግንብ ጋ ነው። እኔ ወደ ሰሜን አለፍኩ። ጣሪያ የሌለው አንድ ረጅም አዳራሽ አለ። የዳግማዊ ዳዊት ሳይሆን የሣልሳዊ ዳዊት ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት። የዘፈን አዳራሽ ይባላል። ንጉሡ ራሳቸው በዘፈን ወዳድነታቸው ይታወቃሉ። ግድግዳው ቆሟል። ውስጡ ሣር ነው። እጄን አጨበጨብኩ፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀረ።

ይኼው ንጉሥ ሌላም ታሪክ አላቸው። በዘመናቸው በክርስቶስ ባሕርይ ላይ የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ክርክር ጦፎ ነበር። ጉባኤ ተጠራ። ሊቃውንት ተከራከሩ። ንጉሡ ለቅባት ወገን ፈረዱ። የደብረ ሊባኖስ ወገን ፍርዱን አልቀበልም አለ። ወታደር ታዘዘ። መነኮሳት ተገደሉ።

እዚያ ሣር ላይ ብዙ ቆየሁ። ቅዳሜ የተሳለምኩት ደብረ ሊባኖስ ትዝ አለኝ። ትናንት ማታ «ተቀበል» ሲባል ጨዋታ ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን ያው ቃል ጎራዴ ሆኗል። ጥበብ ጎድሎ አይደለም። የጎንደር ሊቃውንት ክርክር ያውቃሉ፣ ንጉሡም ዜማ ያውቃሉ። የጎደለው ሌላ ነው። የተረታው ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ካልገባ ያ ክርክር ከመጀመሪያውም ክርክር አልነበረም። የአውቶቡሱ ሽማግሌ ወታደር የላቸውም። የኔታም የላቸውም። አዝማሪውም የለውም። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ይኼ ነው ከልቤ የማምነው።

ማታ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር ነው፤ የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ አጠገቡ አለ። 40 ቀን የቆየው ጽጌ የሚያበቃበት ሌሊት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ሌሊቱን ሙሉ ቆምኩ። መቋሚያ ተውሼ።

ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል። ያንኑ ቃል ነው የሚቀበለው። መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ከዚያ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ከዚያ ጸናጽሉ፣ ከዚያ ከበሮው። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ወገን ከንፈሩ ይከተላል። ማንም ተራውን ብቻ አይጠብቅም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እግሬ ከዳኝ፣ ሐሳቤ ተበተነ። የበግ ጠባቂው ልጅ ትዝ አለኝ። የእያንዳንዱን መስመር የመጨረሻ ቃል ብቻ ልያዝ ብዬ ወሰንኩ። ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አላውቅም። ከበሮው ሲፈጥን ደረቴ ውስጥ ነበር የሚመታው፤ አጠገቤ የቆሙት አዛውንት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ሕዝቡ ግቢውን ሞላ፣ እልልታው ቀለጠ። ጎንደር ከታች ጭጋግ ለብሳለች። ቅጥሩ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩና ለሁለቱ እንግዶቼ ደወልኩ። ያን ክርክር እንደገና እንሥራው አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን፦ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ያኛው ያለውን መልሳችሁ ትናገራላችሁ። እሱ «አዎ፣ ብያለሁ» ካለ በኋላ ትቀጥላላችሁ። እኔም ሲያሻኝ አላቋርጥም። ናሙናው እንዲገባቸው የሽማግሌዎቹንና የልጅቷን ግጥም ነገርኳቸው።

የመጀመሪያው ወዲያው እሺ አለ። ሁለተኛው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ያን ጊዜ እሱ ምን እንዳለ አላስታውስም» አለኝ። «ቅጂው ካለህ ላክልኝ። ልስማው።»

ከተማ ወርጄ ኔትወርክ የሚሻልበት ሻይ ቤት ገባሁ። 40 ደቂቃው ለመሄድ ጊዜ ፈጀበት። እስኪደርሰው ጠበቅኩ።